በውሰት የመጣ ፍሬን

ጡረታ ከወጣሁ መንፈቅ ሆነኝ። እኔ ወጣሁ እንጂ እጄ ገና አልወጣም። ባለፈው ለቅሶ ሄጄ ከድንኳኑ ደጃፍ አንዲት ሞተር ቆማ አየሁና፣ ሳላስበው ቁጢጥ ብዬ የኋላ ፍሬኗን በእጄ ስጫን እህቴ ደረሰችብኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ሞቶ ዶቅዶቄ ታያለሽ?» አለችኝ። «ሌላ እንዳይሞት ነው» ብያት ተነሣሁ። ፍሬኑ ደግሞ ልክ አልነበረም። ባለቤቱን ከለቀስተኛው መካከል ፈልጌ ነገርሁት፤ እንባውን እየጠረገ «እሺ እትዬ አስካለ፣ ነገ አሠራዋለሁ» አለኝ።

ሥራዬ የሞተር ሳይክል ዓመታዊ ምርመራ ነበር። እስቴን፣ ላይና ታች ጋይንትን፣ ስማዳን በዚሁ ሥራ ዞሬአለሁ። ሞተር በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል፤ ደኅና ከሆነ ለዓመቱ ቦሎ ይለጠፍለታል፣ ካልሆነ ተሠርቶ ይመለሳል። ሲናገሩት እንዲህ አጭር ነው። ደመወዙን አታንሡብኝ፤ ወረቀቱም በሦስት ቅጂ ነበር፣ ሦስተኛውን ማን እንደሚያነበው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በአውቶ መካኒክ ስመረቅ ከክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። ደብረ ታቦር አንድ ጋራዥ ተመደብሁ። የመጀመሪያው አለቃዬ ወረቀቴን ገልብጦ ገልብጦ አየና «የጸሐፊ ቦታ የለንም» አለኝ። «እኔም መጻፍ አልወድም» አልሁት። ሦስት ወር ሙሉ ቡሎን በናፍጣ ሲያሳጥበኝ ከረመ። ሊያሰለቸኝ ነበር፤ እኔ ግን ተማርሁበት። የትኛው ቡሎን ቶሎ እንደሚበላ፣ የትኛው ዳዶ ጥርሱ እንደሚያልቅ ጣቴ አውቆት ቀረ። ሰውዬው ኋላ የራሱን መኪና ከእኔ በቀር ለማንም አያስነካም ነበር፤ ይህን በሥራ ማስረጃዬ ላይ ግን አልጻፈልኝም።

ምርመራን ያስተማሩኝ ጋሽ ጌጡ ናቸው። እስቴ ስዛወር አገኘኋቸው። አጭር፣ ደረቅ፣ በጋ ከክረምት የዝናብ ካፖርት የማያወልቁ ሰው። የካፖርቱ ኪስ ውስጥ ጠመኔ፣ ክብሪትና እራፊ ጨርቅ አይጠፋም። በክብሪቱ እንጨት የጎማውን ጥርስ ይለኩበታል፤ የእንጨቱ ራስ ጥርሱ ውስጥ ካልጠለቀ ጎማው አልቋል ማለት ነው። ካቴናውን በጣት ወደ ላይ ገፋ ያደርጉታል፤ ሁለት ጣት ያህል መላወስ አለበት፣ ከዚያ ከላላ ይወልቃል፣ ከጠበቀ ይበጠሳል። ቆመው ሞተር ሲያዩ አላየኋቸውም። «ቁመሽ ያየሽው ቀለሙን ነው» ይላሉ።

ባለቤቱን ሞተሯ ደኅና ናት ወይ ብዬ ስጠይቅ ሰምተው አንድ ቀን ተቆጡኝ። «እሱን ምን ትጠይቂዋለሽ? ይወዳታል። የሚወድ ሰው ምስክር ይሆናል?»

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን አንድ ጥያቄ ነበር። ሰው አዲስ ዕቃ አስገጥሜአለሁ ካለ፣ ጋሽ ጌጡ እጃቸውን ዘርግተው «አሮጌው የታለ?» ይላሉ። አዲስ የፍሬን ሸራ ያስገባ ሰው አሮጌውን ሸራ ማሳየት አለበት። አሮጌውን ካላመጣ ቦሎ የለም። መጀመሪያ ጭቅጭቅ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ አብሬያቸው ስሄድ ነው።

አርብ ነበረና ገበያው ሞልቷል። እኛ ከሜዳው ዳር ጠረጴዛ ዘርግተን ሞተሮቹን አንድ በአንድ እንጠራለን። የመጀመሪያው መጣ፤ ስፖኪዮው የሚያምር፣ ጠርዙ ቀይ። አለፈ። ሦስተኛው መጣ፤ እሱም ጠርዙ ቀይ። ስድስተኛው ሲመጣ ጋሽ ጌጡ ጎንበስ ብለው መስተዋቱን «እንደምን ዋልህ?» አሉት። ለካ ገና በመጀመሪያው ሞተር ላይ ከጀርባው በጠመኔ ነጥብ አድርገውበታል። ባለሞተሩ ሳቀ። ሳቀ እንጂ አላፈረም፤ እኔን የገረመኝ ይኸ ነው። «የአጎቴ ልጅ ነው ያዋሰኝ፤ ምን ችግር አለው?» አለ።

እውነቱን ነው፣ በእሱ ቤት ችግር የለውም። በእኛ አገር ልጁን የሚድር ሰው በቅሎም ከነጌጧ ይዋሳል፣ ምንጣፍም ይዋሳል፤ ሰርጉ ሲያልፍ ይመልሳል። የለኝም ብሎ ከሰርጉ የሚቀር የለም፣ አላውስም የሚል ደግሞ በአገሩ አይኖርም። የምርመራን ቀንም እንደዚያው አደረጉት። ሞተሯ ሙሽራ ናት፤ በዚያ ቀን ጌጥ ያስፈልጋታል። አንዱ ስፖኪዮ፣ አንዱ ፍሬቻ፣ አንዱ ክላክስ ያዋጣና ለሁሉም ይዳረሳል። ማታለል ነው ብትላቸው ይቀየሙሃል። እኔም ከልቤ እስቅ ነበር፤ ከጋሽ ጌጡ ጋር ወደ እስቴ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስስቅ ነው የገባሁት። እሳቸው አልሳቁም። «መስተዋት ሲዋዋሱ ነው የምትስቂ። ፍሬን የተዋሱ ቀንስ? የተዋሰ ሰው አሮጌውን አያሳይም፤ ነገ መልሶ የሚገጥመው ነው» አሉኝ።

ጋሽ ጌጡ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ባሕር ዳር ገቡ። ዛሬም በሕይወት አሉ፣ በስልክ ይቆጡኛል። ታች ጋይንትና ስማዳ ለእኔ ቀሩ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ።

ደሳለኝ የሚባል ጎልማሳ ነበር፤ ከአርብ ገበያ እስከ ስማዳዋ ወገዳ በሞተር ሰው የሚያመላልስ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ቀልደኛ። ያን ቀን ሃያ ምናምን ሞተር ተሰልፏል፣ ደመናው ጠቁሯል፣ አዲሱ አለቃዬ ደግሞ ዛሬ ስንት አለፈ እያለ ይደውላል። የደሳለኝ ተራ ደረሰ። ቁጢጥ ብዬ የኋላ ፍሬኑን አየሁ። የፍሬኑን ዘንግ የምታጠብቅ ዳዶ አለች፤ ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ወደ ውስጥ ትጠበቃለች። የእሱ ወደ ኋላ ላልታ ተመልሳለች፤ ድሮ የነበረችበት ቦታ ደግሞ አቧራ ሳይኖረው ይብለጨለጫል። ይህ ማለት ሸራው በቅርቡ ተቀይሯል። ረገጥሁት፣ ያዘ። «አዲስ ሸራ ነው?» አልሁት። «አዲስ ነው እትዬ» አለኝ።

አሮጌው የታለ አላልሁም። ጥያቄው አፌ ላይ ነበር። ዝናቡ ጣል ጣል ሲል ወረቀቴ እንዳይበሰብስ ቸኮልሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስሁትን ግን የለቀመው ሌላ ሰው ነው። ቦሎውን ለጠፍሁ።

ሸራው አዲስ ነበር፣ አልዋሸም። ጎማው ከነሸራው ግን በሰርጉ ሚዜ ከሆነው ጓደኛው የተዋሰው ነበር። በማግስቱ ፈቶ መለሰና የራሱን አሮጌ ጎማ ገጠመ፤ እህል ሲሸጥ ሸራ እገዛለሁ ብሎ። ከሦስት ቀን በኋላ መሪጌታ ጥበቡን አፈናጦ ወደ ወገዳ ሲወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ የኋላ ፍሬኑን ቢረግጠው መርገጫው ሳይይዝ እስከ ታች ገባ። የፊቱን ብቻ ሲይዝ ኮረቱ ላይ ተንሸራተቱ። ደሳለኝ ክንዱ ተላጠ። የመሪጌታ ቀኝ ጉልበት ተሰበረ።

መሪጌታ ጥበቡ የጋይንቷ ቤተ ልሔም ሰው ናቸው፤ ድጓ አስተማሪ፣ በማኅሌት ወረብ ሲያወርዱ አገር ቆሞ የሚያያቸው። ያን ዕለትም ስማዳ አንድ ደብር ንግሥ ተጠርተው ነበር፤ የመጀመሪያ ተማሪያቸው የሚመራው ደብር ነው። ወሬውን ስሰማ፣ ሸራው ለምን እንዳልያዘ ሳልጠይቅ ገባኝ። ያቺ ላልታ የተመለሰች ዳዶ ዓይኔ ላይ ቆመች።

ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ስኳር ይዤ ቤታቸው ሄድሁ። መደቡ ላይ ተጋድመዋል፤ ውጭ ተማሪዎቹ ያዜማሉ፣ እሳቸው እየተኙም አንዱ ሲሳሳት «መልስ» ይላሉ። ወንበር ቢሰጡኝ አልቀመጥም አልሁ።

«መሪጌታ፣ ይፍቱኝ። ያቺን ሞተር ያሳለፍኋት እኔ ነኝ።»

ከመደቡ ቀና አሉ። «አንቺ ነሽ?» አሉ። «እኔኮ ቦሎውን አይቼ ነው የወጣሁ። ሞተር እፈራለሁ፤ ለደሳለኝ እንቢ ብዬው ነበር። ይኸን አሳየኝና፣ መንግሥት ካየው እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ወጣሁ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በቆምሁበት አለቀስሁ። እኔ በሥራ ቦታ አልቅሼ አላውቅም፤ ጣቴ በካቴና ተይዞ ሲሰነጠቅ እንኳ ሰድቤ ነው ያለፍሁት።

«ተይ ልጄ» አሉ መሪጌታ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። ይችን መቋሚያ አርባ ዓመት ይዤ ዞርሁ፤ ለዜማ ነበር። አሁን ገና እውነተኛ ሥራ አገኘች።» የግድግዳውን ጥግ፣ የተደገፈችውን መቋሚያ አሳዩኝ። ሳቅ ከእንባ ተቀላቀለብኝ። ቀጠሉና «ይቅር ብዬሻለሁ። ሞተር ላይ ግን ከእንግዲህ አልወጣም፤ እሱን አትለምኑኝ» አሉ።

የውሰቱን ነገር ስነግራቸው ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። በሦስት ሞተር ላይ የዞረውን ስፖኪዮ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ አሰቡና እንዲህ አሉ፦ «አንቺ አንድ በአንድ ስለምትጠሪያቸው ነው ዕቃው የሚዞር። ማኅሌት ስንቆም ሁላችንም ባንድ ጊዜ ነው የምንቆም፤ ቀኙም በቀኝ፣ ግራውም በግራ። በቀኝ ቆሞ ሳለ በግራም የሚቆም ካህን አላየሁም።»

መምህሮቼ ሁለት ሆኑ ማለት ነው። በተከታዩ ዓመት አርብ ገበያ ሜዳ ላይ ሞተሮቹን ሁሉ ባንድ ሰዓት ጠራሁ። ሁለት ረድፍ፣ ፊት ለፊት። አንድም ሰው ከሞተሩ ጎን እንዳይነቃነቅ። ጉድ ፈላ። ግማሹ ስፖኪዮ የለው፣ ሩቡ ፍሬቻ የለው፤ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አንዱ ማዶ ያለውን ወንድሙን በዓይኑ ይለምነዋል። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፣ ክላክሱን ሁላችሁም ባንድ ጊዜ ንኩ አልሁ። ገበያ የዋለው አህያ ሁሉ ከነጭነቱ ነጎደ። አንዲት ሴትዮ ጌሾዋ ተበትኖ ለቅማ እስክትጨርስ ስትረግመኝ ዋለች፤ እኔም ተንበርክኬ አብሬ ለቀምሁ። አለቃዬ ጠርቶ «ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ። «ማኅሌት» ብዬ ብመልስለት አይገባውም። ሲቆጣ ቆይቶ ውጤቱን ሲያይ፣ ከገበያ ቀን ውጪ ይሁን ብሎ ፈቀደ። ወገዳም እስቴም እንደዚያው አደረግሁ።

ደሳለኝ በፊናው ካሠ። በዚያ ክረምት የመሪጌታን ማሳ በራሱ በሬ አረሰላቸው፤ አረሙንም ገባበት። ሞተሩን ካሠራ በኋላ ደግሞ አንድ ልማድ አመጣ። በየዓመቱ ምርመራ ሲያልፍ በቀጥታ ቤተ ልሔም ይሄድና ከመሪጌታ በር ላይ ሞተሩን አጥፍቶ «መሪጌታ፣ ይወጣሉ?» ይላል። እሳቸውም ከውስጥ «በቅሎዬ ትብቃኝ» ይሉታል። እሱም ጉልበት ስሞ ይመለሳል። በዓመቱ ሲመጣ «ምን አሉህ?» እለዋለሁ። «በቅሎዬ ትብቃኝ አሉ» ይለኛል። ስንት ዓመት እንዲህ አለፈ። በቅሎዋ ደግሞ ሩቅ መንገድ አይሆንላትም፤ ስማዳ ድረስ አልሄዱም። የተማሪያቸው ደብር ንግሥ በመጣ ቁጥር ቤታቸው ተቀምጠው ብቻቸውን እንደሚያዜሙ ሰምቻለሁ። ይቅርታውን አግኝቻለሁ፣ የለጠፍሁትን አምነው ሲወጡ ግን አላየሁም፤ ሳላይ ጡረታ መውጣቴ ነው ብዬ ተክዤአለሁ።

የመጨረሻው ምርመራዬ አርብ ገበያ ላይ ሆነ። ሁለቱ ረድፍ ቆመ። የሚተካኝ ልጅ ጡባዊ ኮምፒውተር ይዞ ይመዘግባል፤ እኔ ቁጢጥ እያልሁ አያለሁ። መካከል ላይ ስደርስ ቀና ብል መሪጌታ ጥበቡ በነጭ ጋቢ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከረድፉ ራስ ቆመዋል። ሰው ሁሉ ሞተሩን ትቶ ሊሳለም ተነሣ። «ማንም እንዳይነቃነቅ» አልሁ፤ ሕግ ሕግ ነው። ሰዉ ሳይሳለም ቀረ፣ መሪጌታም ሳቁ።

«ዛሬ የመጨረሻሽ ነው አሉ።»

«አዎ መሪጌታ።»

«በቅሎዬ ክረምቱን ሞተችብኝ። ስማዳ ያለው ተማሪዬ ደግሞ ዘንድሮ ካልመጡ አላነግሥም ብሎ ላከብኝ። እስቲ ንገሪኝ፣ ከዚህ ሁሉ የቱ ላይ ልውጣ?»

ማዶ የግብርና ባለሙያው አዲስ ሞተር አለ፤ ፕላስቲኩ እንኳ ከወንበሩ አልተላጠም። እሱን ማለት ቀላል ነበር። ዓይኔ ግን ወደ ደሳለኝ ሄደ። ደሳለኝ አንገቱን ደፍቷል። እሱ ጋ ሄጄ ቁጢጥ አልሁ። ዳዶዋ ተነቅንቃለች፤ የነበረችበት ቦታ ያብለጨልጫል። ልክ እንደዚያን ቀን።

እጄን ዘረጋሁ። «አሮጌው የታለ?»

ደሳለኝ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሁለቱም አሮጌ ሸራዎች ናቸው፣ ከብረቱ ሊደርሱ የክብሪት እንጨት ያህል የቀራቸው። አላመንሁም፤ ጎማውን አስፈትቼ አዲሱን በዓይኔ አየሁ፣ በጣቴ ዳሰስሁ። ሠላሳው ሞተር ቆሞ ይጠብቃል። ማንም አላጉረመረመም።

ጎማው ከተገጠመ በኋላ «አስነሣ» አልሁና ከኋላው ተፈናጠጥሁ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ከመሪጌታ እከብዳለሁ፣ ይህን የሚክድ የለም፤ እኔን ካቆመ እሳቸውን ያቆማል። ዕድሜዬን ሙሉ ፊርማዬን ጠረጴዛ ላይ ነበር የማኖረው፤ ያን ቀን ተቀመጥሁበት። ወደ ወገዳ በሚወስደው ቁልቁለት ወረድን። እዚያው ኮረት ላይ ስንደርስ «ያዝ» አልሁት። ያዘ። ቆመ። ትንሽ ወርደን «ያዝ» አልሁት። ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ ሳልነግረው ራሱ ያዘና ቆመ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። «እያለቀስህ አትንዳ» ብዬ በጡጫ መታሁት።

ስንመለስ መሪጌታ በቆሙበት አሉ። «ይቆማል?» አሉኝ።

«ይቆማል መሪጌታ።»

ቦሎውን አላዩም። ጋቢያቸውን አጣፉና ሁለት ሰው ደግፏቸው ወጡ። የተሰበረችው እግር ስለማትታጠፍ ዘርጋ አድርገን አስቀመጥናት። መቋሚያዋ ግን የት ትሁን? ረዝማ መሪው ላይ ትያዛለች፣ በጎን ብትታሰር ቁጥቋጦ ይነካታል። መሪጌታ ያለ እሷ ሁለት እርምጃ አይሄዱም። ጥቂት አሰቡና ወደ እኔ ዘረጓት።

«እዚያ ደብሩ መቋሚያ አያጣም። ይችን ያዥልኝ፤ ስመለስ እወስዳታለሁ» አሉ።

ሦስት ቀን ቤቴ አደረች። ከአልጋዬ ራስ አስደግፌ በየማታው አያታለሁ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቁልቁለቱን አስባለሁ። ለጋሽ ጌጡ ደወልሁ። «አሮጌውን አሳይቶሻል?» አሉኝ። «አሳይቶኛል» አልሁ። «እንግዲያ ተኚ» ብለው ዘጉት።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሞተር ድምፅ ከደጄ ሰማሁ። መቋሚያዋን ይዤ ወጣሁ። መሪጌታ ከደሳለኝ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል፣ ድምፃቸው በማኅሌቱ ጎርንኖ ተዘግቷል፣ ፊታቸው ግን በርቷል። እጃቸው ላይ ተማሪያቸው የሸለማቸው፣ ሁለት ላይ ተቆርጦ በብረት የሚገጣጠም አዲስ መቋሚያ አለ። እሱን ለደሳለኝ አስያዙና፣ እዚያው ሞተሩ ላይ እንዳሉ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«አሮጌው የታለ?» አሉኝ።